የማይታጠበው ጋቢ

ባሌ ከዱር ተመልሶ ጧትና ማታ ላማችንን እንደሚያልብ የሰማሁት ከጣሊያኖቹ ጦር ሰፈር በታች፣ ወንዙ ዳር፣ የሹማቸውን ካልሲ እየፈተግኩ ሳለ ነው። የነገሩኝ እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ ከኔ በፊት ጀምረው ለሰፈሩ ልብስ የሚያጥቡ፣ ወሬ ሳይነግሩ ከዋሉ ወገባቸውን የሚያማቸው ባልቴት ናቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ዞር ብለው ሳያዩኝ፣ «ባልሽ ደህና ገባ?»

«የት ገባ?»

«ይኸው፣ ከኔም ትደብቂያለሽ። በረት ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ሲያልብ፣ ሲያንጎራጉርም ይሰማል አሉ። ጭቃ ሹም አስረስ ራሱ በአጥር አሻግሮ አይቶታል። ለጣሊያኑም ነግሮታል።»

እንግዲህ አስተዋይ ሴት ብሆን ኖሮ መጀመሪያ መደንገጥ ነበረብኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ተቀየምኩ። ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቶ መጥቶ፣ ላሚቱን አልቦ፣ እኔን አንድ ቃል ሳያናግር ይመለሳል? ምን በደልኩት ብዬ ካልሲውን ጠምዝዤ ጨመቅኩት፤ ተረከዙ ላይ የነበረችው ቀዳዳ ሰፋች። መደንገጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንደ ወንዙ ውሃ ከእግሬ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣብኝ። ጧትና ማታ በረት ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ የሚያንጎራጉረው ሰው፣ እናንተዬ፣ እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ይቺ ሴት ለይቶላታል ትላላችሁ። ከሥሩ ነግሬያችሁም ልትሉ ትችላላችሁ።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወረድ ብሎ ነው። አንዲት ጎጆ፣ አንዲት በረት፣ ከጓሮ ጎመን፣ ከፊት ለፊት ገብስ የምንዘራባት ቁራጭ መሬት፣ ዙሪያውን ቁልቋል። ላማችን ቡሌ ትባላለች። ጣሊያን ሲገባ የልጆቼ አባት ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ጉና ተራራ ወጣ። ሲሰናበት እኔን ሳመኝ፣ ልጆቹን ሳመ፣ ቡሌን ግን አንገቷን አቅፎ ቆየ። አልተቀየምኩም፤ ግን ቆየ።

በኛ ቤት የሚያልበው እሱ ነበር። እኔ እንጣለሁ፣ እገፋለሁ፣ ቅቤውን አወጣለሁ፤ ማለቡ ግን የእሱ ነው። ሲያልብም ይዘፍንላታል፦

ነይ እሜቴ ነይ የቤቴ ጌጥ፣
ላንቺ ነው እንጂ ለማን ልሯሯጥ።

እኔ ካገባኝ ጀምሮ እንዲህ ያለ ግጥም ሰምቼ አላውቅም። ለኔ የሚለኝ «ጨው አነሰው» ነው። አሁን ቢሆን እሱንም ብሰማው እወድ ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ ጎታው እየጎደለ መጣ። የሚያርስልኝ ሰው የለም፤ ያለውም ወይ ዱር ነው ወይ ፈርቶ ቤቱ ተቀምጧል። ስለዚህ ለጦር ሰፈሩ ልብስ አጣቢ ሆንኩ። እኛ የምናውቀው እንዶድ ነው፤ እዚያ ሳሙና ይሰጡናል። የሳሙናው ሽታ ግን እጅ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ይላል። በአመድ ብለው፣ በአፈር ብለው፣ በሎሚ ቅጠል ብለው፣ ማታ ቤቴ ስገባ የምሸተው የጣሊያን ሽሚዝ ነው። ልጆቼ ለመዱት። ቡሌ አልለመደችውም። አንድ ጊዜ አሸተተችኝና ፊቷን አዞረች፤ ወተቷን ወደ ላይ ሰበሰበችው። አባብዬ ብጎትት በእርግጫ መለሰችልኝ።

በዚያ ላይ ጥጃዋ ሞተባት። ላም ጥጃዋን ካላየች እንደማትታለብ ታውቃላችሁ። እንደ አገራችን ወግ ቆዳውን አስገፍፌ ጭድ ሞላሁበት፤ ጨው ቀባሁትና ፊቷ አቆምኩላት። ጨዉን እየላሰች ልጄ ነው ትላለች። ወይም አትልም፤ ማን ያውቃል። አይኗን ሳየው አንዳንዴ እያወቀች የምትልሰው ይመስለኛል። በዚህ አልፈርድባትም። እኔም ማታ ማታ ለእሱ የሚሆን እንጀራ ለይቼ አስቀምጥ ነበር።

የጭዱ ጥጃ ብቻውን ግን የሳሙናውን ሽታ አላስረሳትም። አንድ ቀን ጧት ብርዱ ሲጠናብኝ የሱን ጋቢ ደርቤ በረት ገባሁ። ቡሌ አንገቷን ዘርግታ አሸተተችው። አሸተተችው፣ ደግማ አሸተተችው፤ ከዚያ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች። እንደ ምንም ብዬ ያን ዘፈን ድምፄን አወፍሬ ብጀምርላት ግቷ ሞላ፣ ወተቷን ለቀቀችው። እሷ ከታች፣ እኔ ከዓይኔ፣ ሁለታችንም ስናፈስ ነጋ።

ከዚያ ወዲህ ያ ጋቢ አይታጠብም። እትዬ ማንጠግቦሽ «የባዕድ ሱሪ ስታነጪ እየዋልሽ የባልሽ ጋቢ መሬት መሰለ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን ሽታ ያልቃል። ይህን እናንተም ታውቁት ይሆናል። እኔ በለበስኩት ቁጥር የሱ ሽታ ትንሽ ይቀንሳል፣ የኔ ትንሽ ይጨምራል። ስለዚህ ለማለብ ብቻ እለብሰውና አጣጥፌ ጎታ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ቀን ሲከፋኝ የጎታውን ክዳን ከፍቼ አንገቴን አስገብቼ እቆያለሁ። አንድ ጊዜ ልጄ ደስታ እንዲህ ሆኜ አገኘችኝ።

«እማ፣ እህል አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ታያለሽ?»

«አለመኖሩን ነው» ብዬ ከደንኩት።

ኑሮዬ እንግዲህ ይህን መሰለ። ጎህ ሲቀድ ባል ነኝ፣ ቡሌን አልባለሁ። ጀምበር ስትወጣ እናት ነኝ፣ ሕፃኑን ወተት አጠጥቼ ለደስታ እሰጣታለሁ፤ የኔ ጡት ባሌ ዱር ከገባበት ድንጋጤ ወዲህ ደርቋልና ሕፃኑ ያለው የቡሌ ወተት ብቻ ነው። ከዚያ አጣቢ ነኝ። ማታ እየሮጥኩ መጥቼ ጎመን እቀነጥሳለሁ፣ ገብሱን ከዝንጀሮ የተረፈውን አያለሁ፣ እንደገና ባል እሆናለሁ። መደባለቅም አለ። ወንዙ ዳር ሽሚዝ እያሸሁ «ነይ እሜቴ» ብዬ ጀምሬ እትዬ ማንጠግቦሽን አስቄያለሁ። ደስታማ አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ጠብቃ «አሁን ማን ነሽ?» አለችኝ። «ገና አላወቅሁም፣ ልግባና ልይ» አልኳት።

እንግዲህ ያን ቀን ወሬውን ሰምቼ እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። ሸፍቷል የተባለ ሰው ቤቱ ተገኘ ሲባል ምን እንደሚደረግ አይተናል፤ ቤቱም ይቃጠላል፣ ሚስቱም ትታሰራለች። ባሌ እንደሌለ እኔ አውቃለሁ፣ እነሱ ግን አሁን እንዳለ አወቁ። የሌለውን ሰው ከየት አምጥቼ የለም እላለሁ? ስለዚህ ጋቢው ይቅር አልኩ። ዛሬ እንደ ሴት አልባለሁ።

እጄን በእበት ታጥቤ ገባሁ። ቡሌ አሸተተችኝ፤ እበቱንም ሳሙናውንም ለየችና ማለቢያውን በእርግጫ እስከ አጥሩ ላከችው። ጋቢውን በራሷ ላይ ጣል ባደርገውስ ብዬ አለበስኳት። እንደ ሙሽራ ተሸፋፍና ቆመች፤ ማን መጣ ብላ ወደ ኋላ ወደ ፊት ታይ ጀመር እንጂ ጠብታ የለም። ጋቢውን ለደስታ ባለብሳትስ? ደስታ ጋቢው ውስጥ ጠፋች፣ ቡሌም ጥጃ መስላት ፊቷን ትልሳት ጀመር። ደስታ ትስቃለች፣ ውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል። ሕፃን ጣሊያን መጣ አልመጣ አያውቅም፤ የሚያውቀው መራቡን ነው። ጋቢውን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ዘፈኑን በሹክሹክታ ብለው ላሚቱ ሹክሹክታ አልወድም አለች። ምን ላድርግ፣ ዘፈንኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጡ።

እኔ በረት ውስጥ ድምፄን አወፍሬ «ላንቺ ነው እንጂ ለማን ልሯሯጥ» ላይ ደርሻለሁ። «ተከበሃል፣ ውጣ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለኔ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ማለቢያውን ታቅፌ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ወጣሁ። ለጣሊያን ያደሩት ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ጠመንጃ ደግነዋል። ከፊት ጭቃ ሹም አስረስ፣ ከጎኑ የሰፈሩ ጣሊያን ሹም፣ ከሹሙ ጎን ሹምባሹ ቆመዋል። ሹምባሹ የአስካሪዎቹ አለቃ፣ የሐማሴን ሰው ነው፤ የኛንም የጣሊያኑንም ቋንቋ ስለሚያውቅ በመካከል ቃል የሚያመላልሰው እሱ ነው።

ጭቃ ሹሙ ጋቢውን ከራሴ ላይ ገፈፈው። ፊቱ እንደ ከሰረ ነጋዴ ሆነ።

«ይቺማ ሚስቱ ናት» አለ።

«ባልሽ የት አለ?» አለኝ ሹምባሹ።

ከድንጋጤዬ የተነሳ የወጣልኝ መልስ «ባሌ ማለት እኔ ነኝ ጌታዬ» የሚል ነው።

ሹምባሹ ይህን እንዴት ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም። ጣሊያኑ ሹም ግን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። እኔም ቀና ብዬ አላየሁትም። የማየው ጫማውን ነው፤ ጫማው ውስጥ ያለውን የካልሲ ቀዳዳ እያሰብኩ ነው። ትናንት ያሰፋኋት እሷ እንዳትሆን ብዬ በዚያ ሰዓት ተጨነቅሁ።

ከዚያ ተናገርኩ። ስለ ሳሙናው፣ ስለ ጥጃው፣ ስለ ጋቢው፣ ስለ ዘፈኑ፣ ያልጠየቁኝን ሁሉ ተናገርኩ። ጭቃ ሹሙ «ውሸቷን ነው፣ በገዛ ጆሮዬ የወንድ ድምፅ ሰምቻለሁ» ይላል። «የሰሙት እኔን ነው ጌታዬ፣ ልዝፈንልዎ?» እለዋለሁ። በመጨረሻ ሹሙ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሹምባሹም ወደኔ ዞሮ «ግቢና እለቢ፣ እንይ ይላል» አለኝ።

ተመልሼ ገባሁ። እነሱ የበረቱን አጥር ከበው በላዩ ያያሉ። ጋቢውን ተከናነብኩ፣ የጭዱን ጥጃ አስጠጋሁ፣ ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ።

ቡሌ ጋቢውን አላሸተተችም። ጥጃውንም አላየችም። ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ወደ ቁልቋሉ አጥር፣ ከፈፋው በኩል ወዳለው ጥግ ታያለች። ሳልነካት፣ ሳልዘፍን፣ ወተቷ ጠብ ጠብ ይላል።

ቡሌ እንዲህ የምታደርገው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ድሮ እሱ ከእርሻ ሲመለስ፣ ገና ከአጥሩ ሳይገባ፣ እሱነቱን አውቃ መሬት ላይ ታፈሰው ነበር። እኔ ጋቢ ለብሼ፣ ዘፍኜ፣ ለምኜ ይህን አድርጋልኝ አታውቅም።

እዚያ ነው ያለው። ከቁልቋሉ ጀርባ፣ ድንጋይ ብወረውር የምመታው ቦታ ላይ። ስንት ሌሊት ና ና ያልኩት ሰው፣ መምጣቱን አሁን መረጠ። ሮጬ አጥሩን ብዘለው ደስ ባለኝ። ዙሪያዬን ያ ሁሉ ጠመንጃ ቆሟል። ተቀመጥኩ፣ የቡሌን ጡት ያዝኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘፈንኩ፦

ሂጂ በፈፋው ሂጂ በጥሻው፣
ደጅሽ ሰው ሞልቷል ጅብ የሚሸሸው።

ጣሊያኑ ምን እንደምል ጠየቀ። ሹምባሹ ቡሌን አየና አንድ ቃል መለሰለት። ሹሙ ሳቀ። እኔ ደግሜ ዘፈንኩ፤ ዓይኔን ከቡሌ ጆሮ ላይ አልነቀልኩም። ጆሮዋ ከአጥሩ ጥግ ቀስ እያለ ወደ ፈፋው ዞረ፤ ከፈፋው ወደ ጥሻው፣ ከጥሻው ወደ ዳገቱ። እንደ ሰው ጣት ይጠቁማል። ከዚያ ጆሮዋን ጣለችው። ወተቱም ቀጥ አለ። ሄደ ማለት ነው። እንዲሄድ ያባረርኩት እኔው ነኝ፤ ሲሄድ ግን አንጀቴ አብሮት ወጣ።

ማለቢያዬ ግማሽ ደርሶ ስለነበር አይተዋል፣ አምነዋል። ጣሊያኑ ሹም እየሳቀ ወደ ጋቢው ጠጋ አለ፣ አሸተተው፣ አፍንጫውን ያዘ። ሹምባሹ «ይህን ቆሻሻ ነገ ከልብሱ ጋር በሳሙና አጥበሽ ታሳይኛለሽ ብሏል» አለኝ። ጭቃ ሹሙ ሊናገር ሲል «አንተ ደግሞ ሁለተኛ ለላም ወሬ እንዳትቀሰቅሰኝ ይልሃል» አለው።

ሌሎቹ ሲወጡ ሹምባሹ ጫማውን የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለ።

«እናቴ ላም አላት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ላም ለማን እንደምታፈስ አውቃለሁ። የዛሬውን አላየሁም። ሁለተኛ የመጣን እንደሆነ ግን ላላይ አልችልም። ከዚህ ሂጂ እኅቴ።»

ዘፈኑን ለሹሙ ምን ብሎ እንደተረጎመለት ልጠይቀው ስል ቀና ብሎ ጓደኞቹን ተከተለ።

እነሱ ሲርቁ ቡሌን ፈታኋት። ቀጥ ብላ ወደ ቁልቋሉ ጥግ ሄደችና ሣሩን ትልስ ጀመር። ሣሩ ሰው ተኝቶበት ተጋድሟል። እጄን ባሳርፍበት ገና ይሞቃል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ላሚቱን ገፋ አድርጌ እኔም ተጋደምኩበት።

በነጋታው ልብስ አጣቢ ሆኜ ነው ያመለጥኩት። የሰፈሩን እድፋም ልብስ እንደወትሮው ተቀበልኩ፤ ከሥሩ ልብሳችንን፣ ከመሃሉ ጋቢውን ጠቅልዬ ተሸከምኩ። ሕፃኑን አዘልኩ። ደስታ የጭዱን ጥጃ አዘለች፤ እሱ ከሌለ ቡሌ አትታለብም። ቡሌ ጋቢውን እያሸተተች ከኋላዬ ትከተላለች። ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ መውጫ ላይ ያሉት አስካሪዎች አስቆሙን። አንደኛው «ይቺ ናት፣ ለላሟ ባል የሆነችው» አለ። ወሬው ለካ ከኔ ቀድሞ ኬላ ደርሷል።

«ወዴት ነው?»

«ሹሙ ጋቢውን እጠቢ ብለውኛል። እዚህ ወንዝ ብዙ ሰው አለ፣ አፈርኩ። ራቅ ብዬ ላጥበው ነው።»

«ላሟስ?»

«ጋቢው ከሄደ አትቀርም።»

«ጥጃውስ?»

«እናቱ ከሄደች ማን ይጠብቀዋል?»

ሳቃቸው እስኪያልቅ አልጠበቅሁም። ዕድሜ ልኬን ሰው እንዳይስቅብኝ ተጠንቅቄ ኖሬ፣ ያን ቀን ግን ከሳቃቸው በቀር ሌላ ማለፊያ አልነበረኝም። ጥቂት ሄደን ዞር ብዬ ቤቴን አየሁ። ጎመኑ ለመቀንጠስ ደርሶ ነበር። ገብሱም ሊያሸት ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዝንጀሮዎቹ ዘንድሮ ይጠግባሉ። ደስታ «እማ፣ አሁን ማን ነሽ?» አለችኝ። መንገደኛ ነኝ አልኳት።

የወጣሁት ወደ እኅቴ ወደ እታበባ ነው። ከገሳይ ወዲያ፣ ጉና ሥር፣ ጣሊያን በማይደርስበት ቀበሌ ትኖራለች። መንገድ ላይ ብርድ ሲጠናብን የተሸከምኩትን ልብስ ፈታሁ፤ ለካ የሹሙን ካልሲዎች ይዤ ሄጃለሁ። ሕፃኑን እስከ ብብቱ አለበስኩት። አንዱ ተረከዙ ቀዳዳ ነው።

እታበባ ደጃፍ ስንደርስ እሷን ከመሳሜ በፊት ዞሬ ያየሁት የቡሌን ግት ነው። ደረቅ ነው። ጆሮዋንም አላቆመችም። እዚህ የለም አልኩ በሆዴ።

«ምን ፈልገሽ ነው ከላሚቱ ሥር የምታጎነብሺው?» አለች እታበባ።

«ምንም። ደክሟት እንደሆነ ነው።»

«ባልሽን ከሆነ፣ ትናንት ነው ያለፈው።»

ቁጭ አልኩ።

«ባለፈው ሳምንት ጠመንጃውን ይዞ እየፎከረ መጣ» አለች። «ቤትህ ወንድ ገብቶ ጧትና ማታ ላምህን ያልባል ብለውታል። ያውም የራሱን ጋቢ ለብሶ፣ የራሱን ዘፈን እየዘፈነ። ሄጄ ልየው፣ ያን ሰውዬ ሳልገድል አልመለስም ብሎ ወረደ። ትናንት ሲመለስ አገኘሁት። ምን አደረግኸው ብለው ይስቃል። እሷው ናት፣ እሷው ራሷ ናት እያለ ይስቃል። ስቆ ስቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ትቼው ወጣሁ።»

«ታዲያ ለምን ሄደ?»

«ጓደኞቹ ጠሩት። መምጣትሽን በምን ይወቅ?»

«ምንም አላለም? ለኔ?»

እታበባ አሰበች። «ብሏል እንጂ። ካገኘሻት ጋቢዬን እንዳታጥበው ንገሪያት አለ።»

አላጠብኩትም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተከናንቤው ከቡሌ ሥር ተቀመጥኩ። እጄ የሳሙና ሽታ እየለቀቀው ነው፣ ጋቢው ባይኖርም ሳትፈቅድልኝ አትቀርም ነበር። እኔ ግን ለበስኩት። ጡቷን ከመያዜ በፊትም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጥቂት ጠበቅሁ፤ ምናልባት ሳልነካት ጠብ ትል እንደሆነ። ጠብ አላለችም። ዘፈኑን ጀመርኩላት፣ ወተቷን ሰጠችኝ፣ ሕፃኑ ጠጥቶ በካልሲው እንደተጠቀለለ ተኛ። ደርሰናል። ልጆቼ፣ ቡሌ፣ የጭዱ ጥጃና እኔ ደህና ነን።